ዝቅ ያለውን ድምፅ ፍለጋ

ስኔር የምትባለዋ ትንሽ ከበሮ ስትጀምር አልሰማኋትም። ሲዲው መዞሩን በማጫወቻው መስኮት ላይ ከሚቆጥረው ሰከንድ አውቄያለሁ፤ ከስፒከሮቹ ግን የሚወጣ ነገር የለም። ደጅ አንድ ሚኒባስ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ከላይኛው ፎቅ ወንበር ይጎተታል፤ ፍሪጁ ያጉረመርማል። ድምፁን ጨመርኩ። ከሩቅ ፍሉት የመሰለ ነገር መጣ። አሁንም ጨመርኩ። ክላሪኔቱ ዜማውን ተቀበለ፤ ከእሱ ባሱኑ፤ ይሄኔ ተመቻችቼ መስማት ጀመርኩ። ወደ መጨረሻው ኦርኬስትራው በሙሉ ሲነሣ የቡፌው ብርጭቆ ተንጫጫ፤ ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ከታች ያሉት እማማ ነበሩ። ነጠላቸውን እንደተከናነቡ፣ «ምነው ልጄ፣ ደኅና ነሽ?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ የሆነ ነገር የወደቀብኝ መስሏቸው ነው ደረጃውን የወጡት።

የሞሪስ ራቬል «ቦሌሮ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ፓሪስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበ፣ ለውዝዋዜ የተደረሰ ሥራ ነው። ሁለት ዜማ እየተፈራረቀ፣ አንዱ መሣሪያ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ ከሹክሹክታ ይነሣና ለ15 ደቂቃ ያህል አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ሳይል እስከ ጩኸት ይወጣል። ከሥር ሆና ይህን ሁሉ የምትሸከመው ያቺ ትንሽ ከበሮ ናት፤ አንዲቱን ምት 169 ጊዜ ትደጋግማታለች። እኔ ቤት ግን የመጀመሪያዎቹን ምቶች የሰማቸው አልነበረም።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል፤ ዕቃ ገዝቻለሁ፣ መልሼ ሸጫለሁ። አሁን ሰዎች «ክላሲካል ለመስማት ምን ልግዛ?» ሲሉኝ ከዚያች ከበሮ ነው የምጀምረው።

አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ በጣም ዝግ ብሎ ሲጫወትና በሙሉ ጉልበቱ ሲነሣ በመካከሉ ያለው ልዩነት 60 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል። በጉልበት ሲሰላ አንድ ለሚሊዮን ማለት ነው። የከተማ ቤት ደግሞ ያለ ሙዚቃም ዝም አይልም፤ ፍሪጁ፣ መንገዱ፣ ጎረቤቱ ተደማምሮ 40 ዴሲቤል ቢሆን አያስገርምም። ዝግ ያለው ሙዚቃ እዚያ ውስጥ ይሰጥማል። አብዛኛው የዘመኑ ዘፈን ሲቀዳ ይህ ልዩነት ሆን ተብሎ ይጨመቃል፤ የሚያንሾካሹከውም የሚጮኸውም እኩል ይደርሳል፤ ታክሲ ውስጥም፣ ሱቅ በር ላይም ይሰማል። ሲምፎኒ የሚቀዱ ሰዎች ግን ልዩነቱን እንዳለ ለማኖር ይለፋሉ፤ የሥራው ነፍስ ያለው እዚያ ነውና። ስለዚህ ዕቃውን ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ዝቅ ሲል ምን ያህሉን እንደሚያሰማኝ ነው።

መርካቶ ውስጥ ይህን ጥያቄ ይዞ መግባት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያውን ዕቃ ስገዛ የሱቁ ልጅ ትልቁን ሳጥን ከፍቶ ደረቴ እስኪመታ አንጎደጎደውና «እህቴ፣ ቤዙን ስሚው!» አለኝ። ቤዙ በእርግጥ ነበረ። ልጁ አልዋሸኝም፤ አብዛኛው ገዢ የሚፈልገውን ነው ያሳየኝ። ያን ቤዝ የሚሠሩት ግን ከ80 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ያለችውን ጠባብ ቦታ አሳብጠው ነው። ለጭፈራ ደስ ይላል። በዚያ ላይ ቼሎ ሲጫወቱበት አንዷ ድምፅ ወፍራም፣ ቀጣይዋ ቀጭን ትሆናለች፤ ሙዚቀኛው እኩል የሳባቸውን ድምፆች ዕቃው ያበላልጣቸዋል።

ካርቶኑ ላይ ደግሞ «5000 ዋት» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ በትንሹ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚል አለ። ይህን ቁጥር ከምንም አትቁጠሩት። ዕቃውን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፦ ከሶኬት የሚወስደው ኃይል እዚያ አለ። የእኔው 80 ዋት ይላል። ከግድግዳው 80 ዋት የሚወስድ ዕቃ ለቅጽበት ካጠራቀመው ጥቂት ይጨምር ይሆናል እንጂ 5000 ከየትም አያመጣም። መታየት ያለበት አር.ኤም.ኤስ. ተብሎ፣ ከነኦህሙ የተጻፈው ነው። እሱ ካልተጻፈ ዝለሉት።

ስንት ዋት ይበቃል? ከሚታሰበው በጣም ያነሰ። ስፒከር ሲሸጥ «86 ዴሲቤል» የሚል ቁጥር ይኖረዋል፤ አንድ ዋት ሲገባው በአንድ ሜትር ርቀት የሚሰማው መጠን ነው። 10 ዋት ሲገባው 96፣ 100 ሲገባው 106 ይሆናል። ኃይሉን በእጥፍ ብታሳድጉት የምታገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ጨመረ» የሚለው ያህል። በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ሙዚቃው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዋት በታች ነው የሚፈጀው። 40 ወይም 50 እውነተኛ ዋት ያለው አምፕሊፋየር ለኦርኬስትራው ድንገተኛ ፍንዳታ የሚሆን መጠባበቂያ አለው። ከዚያ በላይ የምታወጡት ገንዘብ ወደ ስፒከር ይሂድ። በጀቴ ጠባብ ነው ለሚል ሰው ከግማሹ በላይ ለስፒከር አውጣ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሁለት ደኅና አምፕሊፋየሮች መካከል ያለው ልዩነት ጆሮን አስጨንቆ የሚገኝ ሲሆን በሁለት ስፒከሮች መካከል ያለውን ግን ሕፃን ይለየዋል።

ሌላው ቀርቶ ትልቅ ሳጥን ግድ አይደለም። የፒያኖ የመጨረሻዋ ወፍራም ድምፅ 27.5 ኸርዝ ናት፤ እሷን በትክክል የሚያወጣ ስፒከር ውድም ግዙፍም ነው። ጆሮ ግን አስተዋይ ነው። አንድ ድምፅ ሲመታ ከላዩ ብዙ ቀጫጭን አጃቢዎች አብረውት ይወጣሉ፤ ጆሮ አጃቢዎቹን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። የድሮ የቤት ስልክ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን አያሳልፍም ነበር፤ የአባቶቻችን ወፍራም ድምፅ መሠረቱ 100 ኸርዝ ገደማ ሆኖ ሳለ «አባዬ ነው» ብለን ወዲያው እንለየው አልነበር? ሁለት ክብ ያለው፣ ትልቁ ክብ ከአምስት እስከ ስድስት ተኩል ኢንች የሆነ፣ ትንሿ ትዊተር ቀጭኑን የምታወጣበት፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጥንድ ስፒከር ለአንድ ሳሎን በቂ ነው የምለው ለዚህ ነው። መካከለኛው ድምፅ፣ የሰው ጉሮሮና ቫዮሊን ያሉበት፣ ንጹሕ ይሁን እንጂ ሌላው ይደረስበታል።

ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ ጆሮ መለኪያ ያስፈልገዋል፤ መለኪያው በአካል የተሰማ መሣሪያ ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሲያቀርቡ፣ ወይም ጎተ ኢንስቲትዩትና አሊያንስ የፒያኖና የቫዮሊን ምሽት ሲኖር ሄዶ መስማት ከማንኛውም የዕቃ መግለጫ ይበልጣል። ቫዮሊን ቅርብ ሆኖ ሲጫወት ቀስቱ ክሩን የሚፍቅበት ሻካራ ነገር አለው፤ ዝም ብሎ ጣፋጭ አይደለም። ያን ሻካራነት አጥፍቶ ማር ብቻ የሚያሰማ ስፒከር ሱቅ ውስጥ ደስ ያሰኛል፤ ቤት ከገባ በሁለት ሳምንቱ ይሰለቻል። ስፒከር ልገዛ ስሄድ የግሌን ጎልድን የ1981 (እ.ኤ.አ.) የባህ «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» ቅጂ እይዛለሁ። ጎልድ ሲጫወት ያንጎራጉር ነበር፤ ማይክራፎኑ ይዞታል። ማንጎራጎሩ ከፒያኖው ተለይቶ፣ ሰው ፒያኖው አጠገብ የተቀመጠ ያህል ከተሰማኝ ያን ስፒከር ደግሜ አየዋለሁ።

*

ከሁሉ ያስተማረኝ ግን የሸክላ ማጫወቻው ነው።

እህቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ በሻንጣዋ ልብስ ጠቅልላ ያመጣችልኝ ነው፤ አሮጌ፣ ከባድ፣ ክዳኑ የተጫረ። ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የእኛ መብራት 220 መሆኑን አውቃለሁና መጀመሪያ ትራንስፎርመር ገዛሁ። እዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ፤ ከአሜሪካ የመጣ ስንት ዕቃ በቀጥታ ሶኬት ላይ ተሰክቶ በአንድ ሰከንድ ጢስ ሆኗል። አንድ የቫዮሊን ኮንሰርቶ ሸክላ አስቀምጬ መርፌዋን ለቀቅኩ። መጣ፤ ግን ከበደኝ። ቫዮሊኑ ቫዮሊን አይመስልም፤ የታመመ ሰው ድምፅ አለው። ሸክላው አርጅቶ ነው ብዬ ሌላ አደረግኩ። እሱም ያው። ሳምንት ሙሉ በዚህ ዓይነት ስሰማ ሰንብቼ፣ ይባስ ብዬ መውደድ ጀምሬ ነበር፤ ያዘነ ሙዚቃ ይመስል ነበር።

ከመርካቶ ገባ ብሎ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቴፕና አምፕሊፋየር የሚጠግኑ አንድ አረጋዊ አሉ። ስማቸውን ሁሉም «ጋሼ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ እኔም እንደዚያው። ዕቃውን ወሰድኩላቸው። አልከፈቱትም። ከሲጋራ ፓኬት ላይ ትንሽ ወረቀት ቀደው ሸክላው ላይ አጣበቁና ሰዓታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ወረቀቷ ባለፈች ቁጥር ጣታቸውን እያነሡ አንድ ደቂቃ ቆጠሩ። «ሃያ ስምንት» አሉ። «ስንት ነበር መሆን ያለበት?» ሠላሳ ሦስት ከሲሶ።

ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል፤ ኸርዙን አይነካውም። የዚያ ዓይነት ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ንዝረት ነው፤ አሜሪካ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ እኛ ጋ 50 ጊዜ። ስለዚህ ከስድስቱ እጅ አንዱን ፍጥነት አጥቷል። 20 ደቂቃ የሚፈጀው ገጽ 24 ደቂቃ ሆኗል፤ ቫዮሊኑ «ላ» ብሎ 440 ኸርዝ ላይ መሰማት የነበረበት ወደ 367 ወርዷል፤ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰማሁት ሌላ ሙዚቃ ነበር።

ጋሼ የሞተሩን ፑሊ ነቅለው በካሊፐር ለኩት፤ ከፍጥነቱ የጠፋውን ለመመለስ ስፋቱ በአምስት እጅ አንድ መጨመር አለበት። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ቶርኖ ቤት ላኩኝ። የነሐስ ፑሊ ተቀረጸ፤ ቺንጋው ተመለሰ፤ ወረቀቷ ዳግም ተቆጠረች። ሠላሳ ሦስት ዞራ ሠላሳ አራተኛውን ጀመረች። ያን ቀን ሱቃቸው ውስጥ፣ በሰባራ ስፒከር የሰማሁት ቫዮሊን እስካሁን በጆሮዬ አለ። ከአሜሪካ ዕቃ የሚያስመጣ ሁሉ ጀርባውን ያንብብ፦ 50/60 የሚል ካለው ስለ ፍጥነቱ አይስጋ፤ ሞተሩ በባትሪ ዓይነት ኃይል የሚሠራ ከሆነም ችግር የለም። 60 ብቻ ካለ እዚያው ይቅር፣ ወይም ጋሼን የመሰለ ሰው ይፈለግ።

አሮጌ ዕቃ መግዛትን የምፈራ አይደለሁም። ከአገር የሚወጡ የውጭ ሰዎች ቤታቸውን ሲያራግፉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተሠሩ የጃፓን አምፕሊፋየሮች ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ካርቶን ውስጥ ከሚሸጠው አዲስ ዕቃ ይልቅ ይታመናሉ። የድምፁን ቁልፍ አዙራችሁ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ በጽዳት ይድናል። ምንም ሳይጫወት «ዝዝዝ» ካለ ውስጡ ያረጀ ካፓሲተር አለ፤ ዋጋ ቀንሱበት። የስፒከሩን ክብ የከበበውን ስፖንጅ በጣት ጫፍ ንኩት፤ እንደ ደረቀ ቂጣ ከተፈረፈረ ጥገናው ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል። ቤት ካስገባችሁት በኋላ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፤ ሲመጣም ትንሽ ቆዩ። ስታብላይዘርም ይኑራችሁ። ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራቱ ተመልሶ በመጣባት ቅጽበት ነው።

ስለ ገመድ የምለው አጭር ነው። ቤት ሲዘረጋ ለአምፖል የሚገባው ባለ 1.5 የመዳብ ሽቦ ለሳሎን ስፒከር ይበቃል። በወርቅ የተለበጠውን ተዉት።

ሙዚቃው ራሱ ከየት ይምጣ የሚለውም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ያስቀምጣል፤ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ የሚያራርቅበት አቅም 96 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ከማንኛውም ሳሎን ይበልጣል። ከሲዲ ሳይጨመቅ የተገለበጠ ፋይል በፍላሽ ቢመጣ ያው ነው። ከሰው ስልክ ወደ ሰው ስልክ እየተላከ የተጨማመቀው ግን ሲምባሉን አሸዋ ያደርገዋል። በተረፈ ቀረጻው ራሱ ከቅርጹ ይበልጣል። የፒያኒስቷ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የመጀመሪያ አልበም ጀርመን ውስጥ ታትሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ ሆኖ ለዓለም የተሰማው ፒያኖም በሚገባ የተቀዳ ነው። ካረፉ በኋላ በ2024 የወጣው «ሱቬኒርስ» ግን በቤታቸው በቴፕ የተቀዳ ነው፤ ፒያኖው፣ የራሳቸው ድምፅና ከደጅ የወፎች ጩኸት አንድ ላይ አሉ። ቀጭኑን ድምፅ የሚያሾል ዕቃ የቴፑን እሽታ ወደ ፊት አምጥቶ እማሆይን ከኋላ ያስቀራቸዋል። ሐቀኛ ስፒከር ላይ እሽታው ቦታው ላይ ይቀራል፤ ወፎቹ ከመስኮቱ ውጪ ይሆናሉ፤ እሳቸው ክፍሉ ውስጥ ናቸው።

ጎረቤት ለሚያስቸግረው፣ ወይም ቤቱ ለሚጠበው ሰው ጆሮ ላይ የሚደፋ ማዳመጫ አለ። በተመሳሳይ ገንዘብ ከስፒከር የበለጠ ዝርዝር ያሰማል፤ ጀርባው ክፍት የሆነው ዓይነት ደግሞ ለኦርኬስትራ አየር ይሰጠዋል። ኦርኬስትራው ጭንቅላት ውስጥ መቀመጡ ግን እኔን አይመቸኝም፤ ከፊቴ እንዲቀመጥልኝ ነው የምፈልገው።

*

አዲሶቹን ስፒከሮች ስገዛ ሁሉን ያስተካከልኩ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን የባህን ሦስተኛ የቼሎ ሱዊት አደረግኩ። መግቢያዋ መሰላል ናት፤ ከላይ ከ«ዶ» ተነሥታ ደረጃ በደረጃ ትወርድና የቼሎው የመጨረሻ ወፍራም ክር ላይ ታርፋለች። እኔ ሳሎን ውስጥ ሌሎቹ ደረጃዎች በእርጋታ ወረዱና የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ቼሎው እንደተጣለ ጆንያ ዱብ አለ። ደገምኩት። አሁንም ዱብ። ሌላ ተጫዋች አመጣሁ፤ እሱም እዚያው ቦታ ላይ ወደቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼን ለመንኳቸውና መጡ። ቡና እስኪፈላ ቆመው ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አዩት። መሐል ላይ ሆነው አንድ ጊዜ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ከሴራሚኩ ወለልና ከባዶው ግድግዳ ተላትሞ «ጥርርር» ብሎ ተመለሰ። «ስፒከርሽ ደኅና ነው» አሉ። «ቤቱ ነው የሚዘፍነው።» ምንጣፍ አስዘረጉኝ፤ ወፍራሙን መጋረጃ አስወረዱኝ፤ ከሶፋው ጀርባ ባለው ባዶ ግድግዳ የመጻሕፍት መደርደሪያዬን አስጠጉት፤ ለጊዜው ጋቢም አንጠለጠልን። ዳግም ሲያጨበጭቡ ጭብጨባው ደርቆ ቀረ። ቫዮሊኑ ወዲያው ተረጋጋ። የቼሎው ክር ግን አሁንም ዱብ አለ። ምንጣፍና ጋቢ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣሉ እንጂ ወፍራሙን አይዙትም።

«ሜትር አለሽ?» አሉኝ። ከወለል እስከ ጣሪያ ለካን፤ 2.6 ሜትር። በብዕር ጀርባ ጠረጴዛውን እየነኩ አሰቡት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በወለልና በጣሪያ መካከል ሲመላለስ አንድ ዙር 5.2 ሜትር ነው፤ 340 ለ5.2 ሲካፈል 65 ይመጣል። የቼሎው የመጨረሻ ክር 65 ኸርዝ ነው። ጣሪያዬ በትክክል ለዚያች ክር የተቃኘ ነበር፤ ስፒከሮቹ ደግሞ መሬቱን ሊነኩ በደረሰ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ፣ ያ ንዝረት በጣም በሚጠነክርበት ቦታ ተቀምጠው ነበር። ንዝረቱ የሚደክመው በከፍታው አጋማሽ ነው።

ከበረንዳው አራት የለስላሳ ሳጥን አስመጡኝና ሁለት ሁለት እየደረቡ ስፒከሮቹን ላዩ ላይ ሰቀሉ። ከጥጉ ወደ መሐል ክንድ ያህል ሳቧቸው። ግራውን ወደ እኔ ወንበር ትንሽ አዞሩት፤ ተቀመጡ፤ ሰሙ፤ ተነሥተው አራት ጣት ያህል አስጠጉት፤ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ከስፒከሮቹ ጋር ሦስት እኩል ማዕዘን እንድሠራ ወንበሬን ከኋላው ግድግዳ አላቀቁት። ቡናው ቀዝቅዟል፤ አልነኩትም።

«እስቲ አምጪው» አሉ።

መሰላሉ ወረደ። የመጨረሻዋ ደረጃ ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክሩ ከሌሎቹ እኩል ነበር፤ ወፍራም ነው፣ ግን እግሩን አሳርፎ ነው የቆመው። ከዚያ በኋላ ቀስቱ ወደ ላይ ሲመለስ የተጫዋቹ ትንፋሽ ተሰማ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያ ትንፋሽ በዚያ ሲዲ ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ጋሼ ተነሥተው ሜትሩን ከወለሉ እስከ ላይኛው ሳጥን ጫፍ ዘረጉ። «ስልሳ አምስት። ለበያጁ ስልሳ አምስት ብለሽ ንገሪው፤ እግሩ ክፍት ቱቦ ይሁን» አሉ። «አሸዋውን እኔ አመጣዋለሁ።»